ቁልቁል ብቻ የምታውቀው መኪናችን

ሰኔ 3፣ 2005

ይሄን ደብተር የገዛሁት በባለቤቴ በእንዳለች ትእዛዝ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ለኔ መቶ ጊዜ ከምትደግመው አንዴ ጻፈውና እኔም ልረፍ» አለችኝ። እሺ፣ እንጽፋለን። ወረቀት እንደሷ አያዛጋም።

ትላንት አጥቢያ ኮከብ መኪናዋን ለሕዝብ አሳየ። አጥቢያ ኮከብ ማለት የኛ ኩባንያ ነው። በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና እዚሁ አገር ውስጥ እገጣጥማለሁ ብሎ አክሲዮን የሸጠልን። እኔ አለሁበት። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የኛ ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ በኔ አፍ ነው የገባው። ኩባንያው እኮ ለኔ ደሞዝ ሊከፍለኝ ይገባ ነበር! ስብሰባ ሲደርስም ውክልናቸውን የሚሰጡት ለኔ ነው። «አምሳሉ ይናገርልን» ነው።

መኪናዋ ነጭ ናት፣ ትንሽ፣ ድምፅ የሚባል የላትም። ከማዘጋጃ ቤት ተነስታ ቸርችልን ይዛ ለገሃር ወረደች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እንባዬም መጥቷል፣ ምን አስዋሸኝ። ስንት ዓመት ኢንተርኔት ቤት ተጎልቼ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ያነበብኩላት ናት! ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ባትሪ ሻጭ ዛሬ ስለ ሊቲየም ይጠየቅ፤ የትኛውም ዲግሪ ያለው ይምጣ።

ታዲያ ማታ ጋደም ስል አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። የጥምቀት ሰሞን ያሳዩን ጊዜም ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ነበር። መጋቢት ላይም እንደዛው።

ሁልጊዜ ቁልቁል።

ሽቅብ ስትሄድ ያያት ሰው አለ?

ሰኔ 5

ጃፋርን ጠየቅኩት። ተክለ ሃይማኖት ከኔ ባትሪ ቤት ጎን መለዋወጫ የሚሸጠው ነው። እሱም በኔ ምክር ገዝቷል።

«ጃፋር፣ ይቺ መኪና ዳገት ስትወጣ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ማንም አላየም! ቁልቁል ብቻ ነው!»

«እና መኪና ሳይሆን ውሃ ነዋ የገዛነው» አለና ሳቀ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሻማውን ወደኔ ጠጋ አድርጎ «ደሞ መብራቱ እስኪመጣ ለምን ትቸኩላለህ» አለኝ።

ይሄ ሰው ለምን ይስቃል? ገንዘቡ አይደለም እንዴ?

ሰኔ 9

እሁድ። ዛሬም ነዷት። ሕዝቡ ሲበተን እኔ ቀረሁ። መኪናዋ አንድ ግቢ ገባች። ቆየት ብሎ ሎቤድ የሚሉት መኪና የሚጭን መኪና መጣ። ሲወጣ ሸራ የለበሰ ነገር ጭኗል። ዘበኛውን «ምንድነው?» አልኩት፤ «ዕቃ ነው» አለኝ። ዕቃ! ከሸራው ስር ጎማ እያየሁ!

ቸርችልን ሽቅብ በሰው ጀርባ ወጣች። እንደ ሙሽራ።

ሌላም ነገር አለ። ስትነዳ ሳያት ከኋላ በክብደት ረግጣለች። ሊቲየም ቀላል ነው። እንደዛ የሚያስረግጠው የኔው ሱቅ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ እርሳሱ ባትሪ ነው። በራሪ ወረቀታቸው ላይ ግን «የመጨረሻው ቴክኖሎጂ» ይላል። የመጨረሻው እንኳ የመጨረሻው ነው።

ሰኔ 12

ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ፍሰሐ ይባላል። ልጅ ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል፤ በዚህ ጭቃ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ እግዜር ይወቅ። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ስልክ እያየ ነበር።

«አቶ አምሳሉ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ዳገት ትወጣለች አትወጣም? እሱን ብቻ!»

«ጉዳዩ ቴክኒካዊ ስለሆነ ለማስረዳት...»

ቴክኒካዊ አለኝ! ለኔ! እዛው አወረድኩበት። «ባትሪ እኔ ጋ ነው የሚጠየቀው! የማን ልጅ መሰልኩህ? ሀጂ በከር ያሳደጉኝ ነኝ! ከሳቸው ቃል ወጥቼ አላውቅም! ስለኔ ማወቅ ከፈለግክ የዕድራችንን ዳኛ ጋሽ ገብረየሱስን ጠይቅ፣ እሳቸው ይነግሩሃል!» ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ሰማኝ። ጸሐፊዋ ተነስታ ቆመች።

እሱ ዝም ብሎ ማስታወሻ ይይዛል። ይያዝ። ፈርቷል።

ሰኔ 20

እትዬ ዘኪያ ሱቅ ጎራ አልኩ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ያቺ ሱቅ ናት ቤቱን የያዘችው። ልጃቸው ራኒያም በሷ ነው የምትማረው።

«አምሳሉ፣ ጥሩ ሰዓት መጣህ» አሉኝ። «ሁለተኛ ዙር አክሲዮን ሊሸጥ ነው አሉ። አንተ ያኔ ‹ቀድሞ የገባ ነው የሚጠቀመው› አላልከኝም? ሱቋን ላስተላልፋት ነው። ዱጉማ የሚባል የጫማ ነጋዴ ይፈልጋታል። ስብሰባው ካጸደቀው፣ በማግስቱ ቁልፉን ሰጥቼ ብሩን እዛ አስገባዋለሁ።»

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ደንበኛ ገባች። ሻርፕ ታማርጣለች። ያን ታነሳለች፣ ይሄን ትጥላለች። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በሰው ፊት አይወራም። ወጣሁ።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ይሄ ዱጉማ የሚሉት ሰውዬስ ማነው? የማን ሰው ነው?

ሰኔ 21

ዘነበ። አልሄድኩም።

ሐምሌ 1

ታክሲ ተራው ላይ ተናግሬያለሁ፣ ዳቦ ቤት ተናግሬያለሁ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ራፖር ጸሐፊዎቹ ጋ ተናግሬያለሁ። ሰው መጠየቅ ጀምሯል። ኩባንያው ውስጥ ስልኩ እንደሚጮህ አውቃለሁ። ይጩህ!

እንዳለች፦ «ለታክሲ ረዳት ሳይቀር ነግረሃል። ለእትዬ ዘኪያስ?»

«ጊዜው ሲደርስ።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

ይቺ ሴት ሰሞኑን ጥያቄ አብዝታለች። ትላንት ደረጃው ላይ ከእትዬ ዘኪያ ጋር ቆመው ይንሾካሾካሉ። እኔ ስደርስ ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመሩ። ሽንኩርት እንደዛ ተጠግተው የሚያወሩበት ነገር ነው?

ሐምሌ 6

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ዶፉ ይወርዳል። ብከፍት ሀጂ በከርና ጋሽ ገብረየሱስ። ኮታቸው ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። ሀጂ በከር ማለት አባቴ ናቸው ብል ይቀላል፤ ከወሎ ባዶ እጃቸውን መጥተው ያቆሙት ባትሪ ቤት ነው፣ እኔን ከመንገድ አንስተው አሲድ መመዘን ያስተማሩኝ። አክሲዮንም አላቸው፣ ያው በኔ።

ወንበር ሳብኩ።

«አንቀመጥም» አሉ ሀጂ።

«ምነው በሰላም?»

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«መጀመሪያ እሺ በል።»

ያኔ ገባኝ። ሽማግሌ ነው የላከብኝ! ያ ጫማው የሚያብረቀርቀው ልጅ፣ ጠበቃ አልላከ፣ ደብዳቤ አልጻፈ። ሽማግሌ! ጠበቃ ቢልክ እኮ አሳየው ነበር።

ጋሽ ገብረየሱስ ቀስ ብለው «ልጄ» አሉ፣ «የስንቱ ደሃ ጥሪት ያለበት ቤት ነው። አንተ ጮህክ ማለት ሁሉም ገንዘቤን አምጣ ብሎ ይሮጣል። ማን ይተርፋል? ልጁ ጊዜ ስጡኝ ነው የሚለው።»

«ጋሼ፣ መኪናዋ ዳገት አትወጣም!»

«ትውጣ አትውጣ እኛ ምን እናውቃለን። ዝም በልልን ነው ያልነው።»

ሀጂን አየኋቸው። ጾም ላይ ናቸው፣ ረመዳን ነው። ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥተዋል። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ሱሪያቸው ላይ ይታያል። ወንበሩን ይዘዋል እንጂ አይቀመጡም። እኔ ስከራከር እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ።

ምን ላድርግ? ሰው ነኝ።

«እሺ» አልኩ። «እስከ ስብሰባው ድረስ አፌን ዘግቻለሁ።»

ተቀመጡ። ጋሽ ገብረየሱስ ቀለል አላቸው። «ደሞ ልጁ ያከብርሃል እኮ። ያነስተኛ ባለአክሲዮኖች ተወካይ የሚል ወንበር አለ፣ መድረክ ላይ። ላንተ ይዞልሃል» አሉኝ።

ሲወጡ እንዳለች ብርጭቆዎቹን እያነሳች «ለሀጂ ጉልበት ብለህ ነው እሺ ያልከው?» አለች።

«ታዲያ ለምን መሰለሽ?»

«ወንበሩን የነገሩህ ከእሺ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በኋላ ነው! አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ግን ከተነገረህ ጀምሮ አልተናደድክም።»

ምን ታውቃለች? ውስጥ ሆኜ ነው የምጠብቃቸው። ሌባ የሚያዘው ከውስጥ ነው።

ሐምሌ 8

አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሀጂ በከርን ማን ጠቆማቸው? እኔን የሚያንበረክከኝ ሀጂ ብቻ መሆናቸውን ያ ልጅ በምን አወቀ? ጋሽ ገብረየሱስንስ? የሆነ ሰው ቤቴን ዘርዝሮ ነግሮታል።

ጃፋር ነው። ሳቁ አላማረኝም ነበር።

ሐምሌ 11

የመድረኩ ጥሪ ደብዳቤ መጣ። «ክቡር አቶ አምሳሉ» ይላል። ክቡር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ተንኮል ያለበት እንደሆነ ለማየት።

ክራቫት ገዛሁ። መድረክ ላይ ያለ ክራቫት አይወጣም። ጃፋር አየኝና «አምሳል፣ ማን ነው ያነቀህ?» አለኝ። ከሱ ጋር ማውራት አቁሜያለሁ።

ሐምሌ 14

እትዬ ዘኪያ በራችን ድረስ መጡ። ጾሙ ከንፈራቸውን አድርቆታል። አልገቡም፣ ቆመው ነው።

«አምሳሉ፣ ልጠይቅህ ነው። ሱቁን ልስጠው?»

እንዳለች ከኩሽና እጇን እየጠረገች ብቅ አለች። አፍጣ ታየኛለች።

ቃሌን ለሽማግሌ ሰጥቻለሁ። ቃል ቃል ነው። «ስብሰባው ላይ ሁሉም ነገር ይታወቃል እትዬ» አልኳቸው። «ትንሽ ይታገሱ።»

«አንተ ብትሆን ትሰጥ ነበር?»

«ስብሰባው ላይ...»

«እሺ» አሉ። ክራቫቱን ልለካ አንገቴ ላይ አስሬው ነበር፣ እሱን ነው ያዩት።

ሲሄዱ እንዳለች ተመልሳ የኩሽናውን በር ዘጋችብኝ። መጮህ ይሻል ነበር።

ሐምሌ 17

ሊጠይቁኝ የመጡት ለምንድነው? ሰው ላካቸው? እውነት ሊሸጡ የቆረጡ ሰው ይጠይቃሉ?

ብነግራቸውስ ኖሮ? ለሳቸው ብቻ። በጆሮ። ሽማግሌው የሚሰማው በምን ነው?

ቃል ነዋ።

ሐምሌ 20

ነገ ስብሰባ ነው። ከኩባንያው ወረቀት ላኩልኝ። የዳገቱ ጥያቄ ከተነሳ እኔ እንድመልስ። እኔ! ወረቀቱ ላይ የተጻፈው፦ «መኪናችን ቁልቁል የምትነዳው፣ ፍሬን ስትይዝ ባትሪዋን መልሳ የምትሞላበትን ዘመናዊ ብቃት ለሕዝብ ለማሳየት ነው።»

ክፋቱ ይሄ ነገር እውነት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ስትወርድ ፍሬኑ ራሱ ባትሪ ይሞላል፣ ራሴ አንብቤዋለሁ፣ ለሦስተኛ ፎቅ ሰው በሙሉ ራሴ አስተምሬዋለሁ። እውነቱን ወስዶ ውሸቱን አለበሰበት። ያ ልጅ ሞኝ አይደለም።

እንዳለች ሸሚዜን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች። ውክልናዎቹን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። የፎቁ ሰው ድምፅ በሙሉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ዙር ይጽደቅ ሲባል እጄን አወጣለሁ ወይስ አላወጣም?

የእትዬ ዘኪያም ውክልና እዚሁ አለ።

ሐምሌ 21

እየተቻኮልኩ ነው፣ ጽሑፌን ማን ያነበዋል። ግን ሳልረሳው።

አዳራሹ ልደታ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ። መኪናዋን በር ላይ አቁመዋታል፣ ሪባን አስረውላት። እኔ መድረክ ላይ ነኝ። ፊቴ የታሸገ ውሃ አለ፣ ስሜ የተጻፈበት ካርቶን አለ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

ኢንጂነር ፍሰሐ ተናገረ። ፋብሪካው፣ መስከረም፣ የውጭ ባለሀብት፣ ሁለተኛ ዙር። ተጨበጨበ። «ጥያቄ ያለው?»

ከመካከል አንድ እጅ ወጣ። እትዬ ዘኪያ! ውክልናቸው ኪሴ ውስጥ እያለ ራሳቸው መጥተዋል። ከጎናቸው ማን ቁጭ ብላለች? እንዳለች። ባለቤቴ። ሽንኩርቱ ይሄ ነበር!

«እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ» አሉ። «ጨርቅ ስሸጥ ደንበኛዬ ይጎትተዋል፣ ወደ ደጅ አውጥቶ በብርሃን ያየዋል። እኔም እንደዛው ልይ ብዬ ነው። ይቺ መኪና ለምንድነው ቁልቁል ብቻ የምትሄደው?»

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ወደኔ ዞረ። «ተወካያችን ክቡር አቶ አምሳሉ መልስ ይሰጡበታል።»

ተነሳሁ። ወረቀቱን አነበብኩት። አዎ፣ አነበብኩት። ፍሬን፣ መሙላት፣ ዘመናዊ ብቃት። ድምፄ በማይክራፎን ጥሩ ነው የሚወጣው። ሲያልቅ አጨበጨቡ።

እትዬ ዘኪያ አልተቀመጡም።

«አምሳሉ» አሉ። ክቡር የለ፣ አቶ የለ። «ያነበብከውን አይደለም የጠየቅኩህ። ሱቄ መጥተህ ያልነገርከኝን ነው።»

ክራቫቱ እውነትም ያንቃል። ፊት ወንበር ላይ ሀጂ በከር ተቀምጠዋል፣ ከዘራቸውን ይዘው። እሳቸውን አየሁ።

«ሀጂ» አልኩ፣ በማይክራፎኑ። «እስከ ስብሰባው ነበር ያልኩት። ይኸው ስብሰባው።»

ሀጂ እሺ በሚል አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ቁልፉን አምጡ!» አልኩ። «ተክለ ሃይማኖት እዚህ ነው። ዳገቱን እንውጣና እንመለስ፣ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።»

«አቶ አምሳሉ፣ ይሄ ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለ ኢንጂነሩ።

«ስጠው» አሉት ሀጂ። «እኔን በዝናብ ደረጃ ስታስወጣኝ ፕሮግራም ላይ ነበር?»

ሰጠኝ።

እትዬ ዘኪያ ከጎኔ ገቡ፣ ጋሽ ገብረየሱስና ጃፋር ከኋላ። ሰው ሁሉ በእግሩ ተከተለን፣ ጃንጥላ በጃንጥላ። መጀመሪያ ሄደች። በእግዜር ሄደች! ድምፅ የላትም፣ መሪዋ ቅቤ ነው። እውነት ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ምነው ተሳስቼ በነበር ብዬ ተመኘሁ። ዳገቱ ሲጀምር ዘገየች። ከዚያ አቃሰተች። ከዚያ ቆመች። ከኋላችን ታክሲ በታክሲ ጡሩንባ በጡሩንባ ሆነ። አንዱ ወያላ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ድንጋይ አድርግባት!» ይለኛል።

ኢንጂነሩ እየሮጠ ደረሰ። «ወደኋላ ልቀቋት፣ ቁልቁል ትወርዳለች!»

«ቁልቁልማ ማን ያህላታል!» አለ ጃፋር ወርዶ፣ ዳገቱ ሙሉ ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩ ቀላ። «ጃፋር፣ አንተ አይደለህ እንዴ ሀጂን የጠቆምከው?» አልኩት በመስኮት። «እኔ? ቢሯቸው ሄደህ ማን ነኝ ስትል ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቶሃል አሉ እኮ!» አለኝ።

እሱን በኋላ አስብበታለሁ።

«ወደ ሱቄ ግፏት» አልኩ። «እዛ ሆዷን ከፍተን እናያለን።» መግፋት ጀመሩ። እኔ መሪ ይዣለሁ። መሪ ሰው መያዝ አለበት፣ ያለ መሪ አይገፋም፣ ይሄ የታወቀ ነው። በስፖኪዮ ሳይ ግን የእትዬ ዘኪያ ሻርፕ ይታየኛል። መቼ እንደወረዱ አላየሁም። ጾም ላይ ሆነው፣ በዝናብ፣ ሁለት እጃቸውን መኪናዋ ላይ አድርገው ይገፋሉ። ቀስ እያሉ መስኮቴ ጋ ደረሱ።

«ሱቁን አልሰጠሁም» አሉኝ፣ ትንፋሽ ቆርጧቸው። «እንዳለች ከነገረችኝ ቆየ። አንተ ‹ተይ› እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው።»

ምን ይባላል? የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና ወረድኩ።

«እርስዎ መሪውን ይያዙ።»

«እኔ መንዳት የት አውቄ!»

«ቀጥ አድርገው ይያዙት ብቻ።»

ገቡ። ክራቫቱን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት፣ ከውክልናዎቹ ጋር። ሁለተኛው ዙር አልጸደቀም፤ እጅ የሚያወጣ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልቀረም ነበር፣ እጅ ሁሉ መኪናዋ ላይ ነው። የኢንጂነሩም ጭምር። ጫማው ጠፍቷል፣ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ሀጂ በጎን በኩል በከዘራቸው መንገዱን ያሳያሉ።

ትከሻዬን ሰጠሁ። ከባድ ናት። እርሳስ ነው፣ ብያለሁ። ግን ዳገት ላይ የሚገፋ ሰው ለማውራት ትንፋሽ የለውም።

እንዳለች መጥታ ከጎኔ እጇን አሳረፈች። ትንሽ ገፋችና አየችኝ።

«ምነው አምሳሉ? ዝም አልክ?»

«ግፊ» አልኳት።